ሙያ በልብ ነው ወይስ በወረቀት? የክላውድ ፈተናዎች ታሪክ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 1 ቀን 2012፣ ረቡዕ ጠዋት። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ እንደተከፈተ፣ ናይት ካፒታል የተባለው አገበያይ ድርጅት ኮምፒውተሮች ማንም ያላዘዘውን ግዢና ሽያጭ ያዥጎደጉዱ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ተፈጸመ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው ሰነድ ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን ገለጸ። ድርጅቱ በዓመቱ ብቻውን መቆም አቅቶት ከሌላ ጋር ተዋሃደ።

ምክንያቱ ሲጣራ የተገኘው ነገር ቀላልነቱ ያሳፍራል። አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። ቴክኒሻኑ ሰባቱ ላይ ጫነ፤ አንዱን ዘለለ። በዚያ በተዘለለው ሰርቨር ውስጥ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር። ለአዲሱ ፕሮግራም የተላከው ምልክት እሱን ቀሰቀሰው። የአንዱን ሰው ሥራ ሁለተኛ ሰው እንዲያየው የሚያስገድድ የጽሑፍ ደንብ አልነበረም። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ስህተት መኖሩን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም። ጭራሽ ችግሩን እናቁም ብለው ሲሯሯጡ ትክክለኛውን አዲስ ኮድ ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሱት። አንድ ሰርቨር ሲያደርገው የነበረውን ጥፋት ስምንቱም ያደርጉት ጀመር።

ዛሬ ለአማዞን የዴቭኦፕስ ኢንጂነር ፕሮፌሽናል ፈተና ወይም ለማይክሮሶፍት የአዙር ዴቭኦፕስ ኢንጂነር ኤክስፐርት ፈተና የሚቀመጥ ሰው በመሠረቱ የሚጠየቀው ስለዚያ ጠዋት ነው። ኮዱ በሁሉም ሰርቨር ላይ እኩል መድረሱን በምን ታረጋግጣለህ? ሲበላሽ በምን ታውቃለህ? በስንት ደቂቃ ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ? ጥያቄዎቹ ትክክለኛ ናቸው። ክርክሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ይህን መመለስ የሚችል ወረቀት፣ ጠዋት ላይ ያንን ሰርቨር የማይዘልል ሰው ለመሆኑ ምስክር ሊሆን ይችላል? ይህ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል።

▪️ስልክ ማንሳት የሰለቸው ኩባንያ

የኮምፒውተር ባለሙያ ሰርቲፊኬት ከዩኒቨርሲቲ አልወጣም። የመጣው ከሻጮች ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የቢሮ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የማገናኘት ገበያው በኖቬል ኩባንያ እጅ ነበር። ምርቱ በተሸጠ ቁጥር የደንበኛ ስልክ በዛ። ኖቬል መፍትሔ አበጀ፦ ምርቱን የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ያሠለጥኑ፣ ይፈተኑ፣ ያለፈው ‘የተመሰከረለት ኢንጂነር’ ይባል፤ ደንበኛውም ወደ ኩባንያው ከመደወሉ በፊት ወደ እሱ ይሂድ።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ሰርቲፊኬቱ ከመጀመሪያው ሦስት ጌቶች ነበሩት። ሻጩ ምርቱን የሚደግፍለት ሠራዊት ያለ ደሞዝ ያገኛል። አከፋፋዩ ‘ይህን ያህል የተመሰከረላቸው ሠራተኞች አሉኝ’ ብሎ የሽርክና ደረጃና ቅናሽ ያገኛል። ሠራተኛው ደግሞ ደሞዝ ያገኛል። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የአማዞንም የማይክሮሶፍትም የሽርክና ደረጃዎች በድርጅቱ ውስጥ ስንት ሰው ፈተና እንዳለፈ ይቆጥራሉ። ስለዚህ አንድ ቀጣሪ ‘ሰርቲፊኬት ያለው ይመረጣል’ ብሎ ሲጽፍ ሁልጊዜ ችሎታ እየፈለገ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዴ የሚፈልገው ቁጥር ነው።

▪️የወረቀት ኢንጂነሮች

ማይክሮሶፍት በ1992 የራሱን ፕሮግራም ጀመረ። የዘጠናዎቹ አጋማሽ ሲደርስ ዊንዶውስ ኤንቲ ኖቬልን ከቢሮ ቢሮ ያስወጣው ገባ፤ ኤምሲኤስኢ የተባለው ሰርቲፊኬትም የዘመኑ የደሞዝ ቁልፍ ሆነ። ኢንተርኔት ገና እየፈነዳ ነው፣ የ2000 ዓመት የኮምፒውተር ስጋት በየቢሮው ሰው ያስቀጥራል፣ የሰው ኃይል ግን የለም። በጥቂት ሳምንት ከምንም ወደ ኢንጂነር እናደርሳለን የሚሉ ማሠልጠኛዎች እንደ አሸን ፈሉ።

ውጤቱ አዲስ ስድብ ነበር፦ ‘የወረቀት ኤምሲኤስኢ’። ስድስት ፈተና አልፎ ሰርቨር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ማለት ነው። ፈተናው ምርጫ ስለነበር የሚያጠናው ሰው ጥያቄውን እንጂ ሥራውን ማጥናት አላስፈለገውም።

ማይክሮሶፍት ይህን ለማጥራት ሞክሮ ነበር። ዊንዶውስ 2000 ሲወጣ በኤንቲ 4 የተፈተኑ ሁሉ እንደገና ካልተፈተኑ በ2001 መጨረሻ ማዕረጋቸውን እንደሚያጡ አስታወቀ። ቁጣው ግን ከባድ ነበር። ገንዘብና ጊዜውን ያፈሰሰ ሰው ሙያው በአንድ ማስታወቂያ እንዲጠፋበት አይፈልግም። ኩባንያው በኦክቶበር 2001 ውሳኔውን አጠፈ። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 2021፣ ኤምሲኤስኢ ራሱ ጡረታ ወጣ። በዚያን ጊዜ ግን ብዙ ጩኸት አልተሰማም፤ ሰርቨሩ ራሱ ከቢሮው ወጥቶ ሄዶ ነበርና።

▪️በላብራቶሪ ማስመስከር

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የመረጡ ነበሩ። ሲስኮ በ1993 ሲሲአይኢ የተባለውን ፈተና ሲጀምር ምርጫ ብቻ አላደረገውም። ተፈታኙ ሁለት ቀን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ይገባል፤ ኔትወርክ ይሠራል፤ ከዚያ ፈታኙ ሆን ብሎ ያበላሸዋል፤ ተፈታኙ ፈልጎ ያስተካክላል። ላለፈው ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከ1024 ነው የጀመረው፤ እሱም ለላብራቶሪው ለራሱ ተሰጠ። 1025 ፈተናውን ላዘጋጀው ለስቱዋርት ቢግስ፣ 1026 ደግሞ ተፈትኖ በመጀመሪያ ላለፈው ለቴሪ ስላተሪ። በ2001 ፈተናው ወደ አንድ ቀን ቢያጥርም ክብሩ አልቀነሰም። ሬድ ሃትም በ1999 የሊኑክስ ፈተናውን ሲጀምር ተፈታኙን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ ‘አስተካክል’ አለው እንጂ ሀ፣ ለ፣ ሐ ምረጥ አላለውም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ድጓ የተማረ ሊቅ ቤተልሔም ሄዶ፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አባ ሄዶ ያስመሰክራል። ማስመስከር ማለት በመምህራን ፊት ማድረግ መቻል ነው። ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል፦ ወረቀቱ ምስክርነቱን ይመዘግባል እንጂ አይተካውም። የሲስኮ ላብራቶሪም የሚለው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ሁሉም ለምን እንዲህ አላደረገም? መልሱ ገንዘብ ነው። ላብራቶሪ ጥቂት ሰው ይይዛል፣ ፈታኝ ይፈልጋል፣ ተፈታኙን በአውሮፕላን ያመላልሳል። የምርጫ ፈተና ግን በአንድ ቀን በመላው ዓለም ባሉ የፈተና ጣቢያዎች ለሺዎች ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ያርማል። ሠራዊት የሚፈልግ ሻጭ ሁለተኛውን ይመርጣል።

▪️ፌራሪ ያስገዛው ስርቆት

በኮምፒውተር የሚታረም ፈተና አንድ የታወቀ በሽታ አለው፤ ይሰረቃል። ተፈታኞች ከጣቢያው ወጥተው የሚያስታውሱትን ጥያቄ ይጽፋሉ፣ ሌላው ይሰበስባል፣ ሌላው ይሸጣል። ‘ዳምፕ’ የሚባለው ገበያ እንዲህ ተወለደ። በ2002 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የማይክሮሶፍትን የፈተና ጥያቄዎች በድረ ገጽ ሲሸጥ የነበረ ሰው በንግድ ምስጢር ስርቆት ጥፋተኛ መሆኑን አመነ። ከተወረሱበት ንብረቶች አንዱ በዚሁ ገንዘብ የገዛው ፌራሪ መኪና ነበር።

ፌራሪው ስለ ሻጩ ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ ይልቅ የሚናገረው ስለ ገዢዎቹ ብዛት ነው። ዳምፕ የሚገዛ ሰው ሁሉ ግን ሰነፍ አይደለም። አንዳንዱ ሁለተኛ የሚከፍልበት ገንዘብ የሌለው ነው። ቢሆንም ዳምፑ ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ኩባንያው ካወቀበት ውጤቱ ይሰረዛል፣ ከፈተናም ሊታገድ ይችላል። ካላወቀበት ደግሞ አንድ ቀን የእውነተኛው ሥራ ፈተና ይመጣበታል፤ ለዚያ ደግሞ ዳምፕ የለውም።

▪️ሰርቨሩ ሲሰወር

ቀጣዩ ምዕራፍ ከአፍሪካ ይጀምራል። ክሪስ ፒንክሃም የተባለ የአማዞን ኢንጂነር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊመለስ ሲፈልግ ኩባንያው ኬፕታውን ላይ ቢሮ ከፈተለት። እዚያ የሠራው ቡድን ኢሲ2 የተባለውን ሰርቨር በሰዓት የማከራየት አገልግሎት አዘጋጀ። በ2006 አማዞን መጀመሪያ የፋይል ማስቀመጫውን፣ ከወራት በኋላም ኢሲ2ን ለገበያ አወጣ። ከዚያ በኋላ ሰርቨር የሚገዛ ሳይሆን በአንድ ትእዛዝ የሚፈጠርና የሚጠፋ ነገር ሆነ።

ሰርቨሩ ወደ ኮድ ሲለወጥ የሁለት ሠራተኞች ጠብ ግልጽ ወጣ። ኮድ ጸሐፊው ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይፈልጋል፤ ሲስተም ጠባቂው እንዳይነካበት ይፈልጋል። በጁን 2009 ጆን ኦልስፖና ፖል ሃሞንድ የተባሉ የፍሊከር ኢንጂነሮች በካሊፎርኒያ ስብሰባ ላይ ቆመው፣ ሁለቱ ወገኖች ተባብረው በቀን ከ10 ጊዜ በላይ አዲስ ኮድ እንደሚያወጡ ተናገሩ። በወራት ልዩነት ሲሠራ ለለመደ ሰው ይህ እብደት ነበር። ንግግሩን በርቀት የተከታተለው ቤልጅየማዊው ፓትሪክ ደቡዋ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በጌንት ከተማ ‘ዴቭኦፕስዴይስ’ የተባለ ስብሰባ ጠራ። ዴቭኦፕስ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ።

እንግዲህ ዴቭኦፕስ ሲወለድ የሥራ መደብ አልነበረም፤ ማስታረቂያ ነበር። ማስታረቂያ እንዴት ይፈተናል? ሻጮቹ ግን መልስ አላጡም። አማዞን በ2013 የክላውድ ፈተናዎቹን ጀመረ፤ ዴቭኦፕስም ብዙ ሳይቆይ ተጨመረ። ማይክሮሶፍትም በ2018 ፈተናዎቹን ከምርት ስም ወደ ሥራ ድርሻ ለወጠ፤ የአዙር ዴቭኦፕስ ኤክስፐርት የመጣው በዚህ ማዕበል ነው። ይህን ማዕረግ ለማግኘት ከዋናው ፈተና በተጨማሪ የአስተዳዳሪ ወይም የፕሮግራመር ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። የኩበርኔቲስ አስተዳዳሪ ፈተና ደግሞ በ2017 ሲመጣ የሬድ ሃትን መንገድ ይዞ በተግባር ሆነ።

▪️ፈተናው የሚጠይቀው

የአማዞኑ ፈተና የአሁኑ ቅጽ 75 ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜው 180 ደቂቃ፣ ክፍያው 300 ዶላር፣ ማለፊያው ከ1,000 ነጥብ 750 ነው። ከ75ቱ አሥሩ ለሙከራ የገቡ ናቸው፣ አይቆጠሩም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነገርም። 22 በመቶው ኮድን ከጽሑፍ እስከ ሥራ የሚያደርስ አውቶማቲክ መስመር ስለመዘርጋት ነው። የቀረው መሠረተ ልማትን በኮድ ስለመጻፍ፣ ብልሽትን ስለሚቋቋም አሠራር፣ ስለ ክትትል፣ ስለ አደጋ ምላሽና ስለ ደኅንነት ይከፋፈላል። ናይት ካፒታል የወደቀባቸው ነጥቦች አንድ በአንድ እዚህ አሉ።

የጥያቄዎቹ አቀራረብ ከዘጠናዎቹ ይለያል። አንድ ሙሉ አንቀጽ ታሪክ ይቀርባል፦ ድርጅቱ ይህን ይጠቀማል፣ ችግሩ ይህ ነው፣ በጀቱ ይህን ያህል ነው። ከአራቱ መልሶች ሁለትና ሦስቱ ሊሠሩ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው በመጨረሻዋ ሐረግ ነው፦ ‘በትንሹ ድካም’፣ ‘በዝቅተኛ ወጪ’፣ ‘አገልግሎት ሳይቋረጥ’። ለአንድ ጥያቄ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ብቻ አለ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው ይህ የንባብ ፈተናም ነው። አማዞን ለእንዲህ ዓይነት ተፈታኝ 30 ደቂቃ ይጨምራል፤ ግን የሚፈቀደው ፈተናው ከመያዙ በፊት ለጠየቀ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚቀመጥ ብዙ ነው።

ለዚህ ፈተና ቪዲዮ ብቻ አይቶ የሚቀርብ ሰው ይወድቃል ማለት አይቻልም፤ ያለፈ አለ። ተዘጋጀሁ ማለት የሚችለው ግን ትንሽ አፕሊኬሽን ይዞ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የዘረጋ ነው። አዲሱን ቅጂ ከአሮጌው ጎን አቁሞ መጀመሪያ ጥቂት ተጠቃሚ የላከበት፣ ሆን ብሎ የተበላሸ ኮድ አስገብቶ ማንቂያው ሲጮኽና ሲስተሙ በራሱ ወደ ኋላ ሲመለስ ያየ። ለራሱ የሲስኮ ላብራቶሪ የሠራ ማለት ነው። የድሮው ተፈታኝ ለዚያ በአውሮፕላን ይሄድ ነበር፤ የዛሬው በጥቂት ዶላር ቤቱ ሆኖ ያደርገዋል፤ ሲጨርስ ሰርቨሮቹን ማጥፋት ካልረሳ። የረሳ ሰው በወሩ መጨረሻ ከፈተናው ክፍያ የሚበልጥ ሒሳብ ሊመጣበት ይችላል።

▪️ከቨርጂኒያ እስከ አዲስ አበባ

የአማዞን ጥንታዊው የክላውድ ቀጠና የሚገኘው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብም የሚኖረው በዚያው በዋሽንግተን አካባቢ ነው። መግጠሙ የአጋጣሚ ነው፤ ውጤቱ ግን አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2005 ባወጣው ዝርዝር መመሪያ በኮምፒውተር ሲስተሞቹ ደኅንነት ላይ የሚሠሩ ሰዎች፣ የኮንትራክተር ሠራተኞችም ጭምር፣ የታወቀ ሰርቲፊኬት እንዲኖራቸው አስገደደ። ዋሽንግተን ደግሞ የኮንትራክተሮች ከተማ ናት። በዚህ ምክንያት በቀን ታክሲ ወይም ፓርኪንግ ሠርቶ ማታ በአማርኛ የሚሰጥ የአይቲ ሥልጠና የሚከታተል ሰው በዚያ አካባቢ የተለመደ ሆነ።

ወረቀቱን የሚንቁ ሰዎች ይህንን አይመልሱም። አገር ቤት ያገኘው ዲግሪ የማይታወቅለት፣ ዘመድ የሌለው፣ ንግግሩ ላይ የትውልድ አገሩ የሚሰማ ሰው በር የሚያንኳኳበት ሌላ ምን አለው? ፈተናው ስም አይጠይቅም፣ አባት አይጠይቅም። ለስደተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አዲስ አበባ ላለው ወጣት ሒሳቡ ይከብዳል። ከጁላይ 2024 የምንዛሪ ለውጥ በፊት 300 ዶላር በባንክ ዋጋ 17,000 ብር ገደማ ነበር፤ ዶላር በ120 ብር ሲታሰብ 36,000 ብር ነው። ለብዙ ጀማሪ ተቀጣሪ ከአንድ ወር ደሞዝ በላይ ነው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ ይለምናል። ከወደቀ 14 ቀን ጠብቆ ሙሉውን እንደገና ይከፍላል። በዚያው ወር ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ ያሠለጥናል፤ ኮርሱን ለጨረሰ ሰርቲፊኬትም ይሰጣል። ግን ኮርስ መጨረስና ማስመስከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልዩነቱን ለወጣቱ ቀድሞ የሚነግረው ሰው ውለታ ይውልለታል።

ዕድሜውም መታሰብ አለበት። የአማዞኑ ወረቀት በሦስት ዓመት ያልፍበታል፤ የማይክሮሶፍቱ በየዓመቱ በነፃ ይታደሳል። አማዞን በጁላይ 2024 ኮድኮሚት የተባለውን የኮድ ማስቀመጫ ለአዲስ ደንበኞች ሲዘጋ፣ አገልግሎቱ ገና በፈተናው መመሪያ ውስጥ ነበር። የአገልግሎት ስም ብቻ ያጠና ሰው በአንድ ማስታወቂያ ይከስራል። አዲስ ኮድ መጀመሪያ ለጥቂቱ፣ ከዚያ ለብዙው የሚለቀቅበትን ምክንያት ያጠና ሰው ግን በማንም ክላውድ ላይ ይሠራል።

ማይክሮሶፍት በ2023 የኤክስፐርት ደረጃን ጨምሮ ተፈታኞች በፈተና ሰዓት ሰነዶቹን ከፍተው እንዲያነቡ ፈቀደ። ከወረቀት ኤምሲኤስኢ ዘመን አንጻር ይህ ትልቅ ኑዛዜ ነው፤ ዋናው ነገር ማስታወስ እንዳልሆነ ሻጩ ራሱ አምኗል። የቀረው አንድ ነገር ነው። ናይት ካፒታልን የጣለው የአንድ ቴክኒሻን አለማወቅ አልነበረም። አጠገቡ ቆሞ ‘ስምንተኛውስ?’ የሚለው ሰው አለመኖሩ ነው። ዴቭኦፕስ የተፈጠረው ያንን ሁለተኛ ሰው ለማምጣት ነበር። ፈተናው ደግሞ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው፣ በዝግ ክፍል፣ ካሜራ እየተመለከተው ያስቀምጠዋል። 750 ያመጣ ሰው ሊከበር ይገባል፤ ለፍቶበታል። የቀጠረው ድርጅት ግን ሁለተኛ ሰው አጠገቡ ካላቆመለት፣ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስምንተኛው ሰርቨር ይዘለላል።